ጠባሳ የማይተው ቁስል፦ ለጎንደር የሕክምናና የነርስ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች በጎንደር ብርቅ አይደሉም። ድድ በመርፌ ተወግቶ ቢደማም በቀናት ይጠግጋል፤ የሚቀረው ጥቁሩ ቀለም እንጂ ያበጠ ጠባሳ አይደለም። የዚያችው ሴት የጆሮ መበሻ ግን ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ሊያወጣ ይችላል። ቁስል እንደ ቦታው ነው የሚድነው።

የሰው ፅንስ ከ24ኛው ሳምንት ገደማ በፊት ቆዳው ቢቆረጥ ያለ ጠባሳ ይድናል። የሽርት ውሃው ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። የትልቅ በግ ቆዳ ማህፀን ውስጥ ባለ ግልገል ላይ ተተክሎ ሲቆረጥ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ሆኖ ጠባሳ አውጥቷል። ልዩነቱ ቆዳው ላይ ነው፦ የፅንስ ቁስል ብዙም አይቆጣም፣ ውሃ የሚይዘው ሃያሉሮኒክ አሲዱ ብዙ ነው፣ ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ፕሮቲን ኮላጅኑም እንደ ጤነኛ ቆዳ ተጠላልፎ ይዘረጋል። ጎረቤታችን ኬንያ ያለች እሾሃማ አይጥም ቆዳዋ ሲያዝ እንደ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል፤ ከነፀጉሩ መልሳ እንደምታበቅለው እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል።

ከአንድ ንጥረ ነገር ግን ተአምር አትጠብቁ። ፅንስ ላይ የሚበዛው ቲጂኤፍ ቤታ 3 የተባለ ለሕዋሳት መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን መድኃኒት ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ መጀመሪያ ተስፋ ሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በትልቁ የሰው ሙከራ ወደቀ። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ እ.ኤ.አ. የ2021ዱ የአይጥ ሙከራ ነው። ቨርቴፖርፊን የተባለ የዓይን መድኃኒት ሕዋሳት የቆዳን መወጠር እንዳያዳምጡ ሲያደርግ፣ ቁስሉ ፀጉር አብቅሎ ዳነ። ውጥረት ጠባሳ ያወፍራል ማለት ነው።

ውጥረትን መቀነስ ደግሞ ዛሬም በእጃችሁ ነው። ሸክሙን የውስጠኛው ስፌት ይሸከም፤ የላዩ ስፌት ሥራው የቁስሉን ከንፈሮች ማገናኘት ብቻ ነው። የፊት ስፌት በ5 ቀን ገደማ ይውጣ፤ ከቆየ የክሩ ምልክት ራሱ ጠባሳ ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ የጤነኛ ቆዳን ጥንካሬ ሲሶ እንኳ አይሞላም፣ ከዓመት በኋላም ከ80 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ስፌቱ ከወጣ በኋላ ለሁለት ሦስት ወር በወረቀት ፕላስተር ደግፉት።

ቃጠሎ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ አይነካው፤ ቆሻሻ ያስገባሉ፣ ጥልቀቱንም ይሸፍኑባችኋል። ታጥቦ ቫዝሊን ባለው ጎዝ ይሸፈን፤ ቅርፊት ከያዘ ደረቅ ቁስል ይልቅ እርጥበቱን የጠበቀ ቶሎ ይድናል። በሦስት ሳምንት የማይገጥም የመሰለ ቃጠሎ ቀኑ ሳይሞላ ለቆዳ ንቅለ ተከላ ይላክ፤ ከዚያ ካለፈ ወፍራም ጠባሳ የማውጣት ዕድሉ በጣም ይጨምራል።

የሚያሳክክና ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ካያችሁ ቢላ አታንሱ። ኬሎይድ ተቆርጦ ብቻ ከተተወ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ገዝፎ፤ ትሪያምሲኖሎን የተባለው የስቴሮይድ መርፌ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይቅደም።