ግብር ከፍዬ፣ መዋጮ ከፍዬ፣ መድኃኒት ደግሞ ከኪሴ?

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ገበያ ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) እሸጣለሁ። ግብሬንም የጤና መድን መዋጮዬንም በየዓመቱ እከፍላለሁ። በጥር ባለቤቴ ሳንባ ምች ይዟት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ምርመራው በመድኑ ሆነ፤ መድኃኒቱን ግን «የለም፣ ከውጭ ግዛ» አሉኝ። ሁለቴ ከፍዬ ሦስተኛ ለምን?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ቅሬታዎ እውነት ነው፤ እኔም አባቴን በቃሬዛ ይዤ የጓሳን ደጋ ያቋረጥኩ የመንዝ ልጅ ነኝ። ግብርዎ የነርሷ ደመወዝና ሕንፃው ነው፤ መዋጮው የምርመራውና የመድኃኒቱ ነው። ለድሃ ድሃው መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ሁለት በግ ያለውና ሃምሳ በግ ያለው ጎረቤታሞች የሚያዋጡት ተቀራራቢ ነው። ግብር ግን ገቢን ያያል። ስለዚህ ሸክሙ ወደ ግብሩ ቢያደላ እላለሁ። የአፍሪካ መሪዎች እኮ በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር!

ለጊዜው ማዘዣውንና ደረሰኙን አይጣሉ። ወረዳው ጤና መድን ቢሮ ይዘው ይሂዱና «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ይበሉ። በቀበሌ ስብሰባም ተነሥተው መድኃኒቱ ለምን እንዳለቀ ይጠይቁ።