ስለቴ አልሰመረም፤ ጥላውን ምን ላድርገው?

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነው። ሻይ ቡና እሸጣለሁ። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ሁለቱም ኩላሊቶቹ እምቢ አሉና በሳምንት ሁለቴ እጥበት ታዘዘለት። መጀመሪያ የእኔ ወርቅ ሄደ፣ ቀጥሎ ባጃጇ ተሸጠች፣ ከዚያ ብድር መጣ። ታኅሣሥ 19 ደንገጎን በእግሬ ወጥቼ ቁልቢ ገባሁ። "ገብርኤል ሆይ፣ ይኼን ሰው ብታቆምልኝ ለሐምሌ ጥላ ይዤ እመጣለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ከመተማመኔ የተነሳ እንደተመለስኩ በደረሰኝ ዕቁብ ገዛሁት፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፈይ። በጥር ሞተ።

ጥላው አልጋ ሥር ነው። ስጠርግ መጥረጊያው ይነካዋል፣ ያን ቀን እጄ ሥራ አይዝልኝም።

አርባው ከወጣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ከበር ተሳልሜ እመለሳለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ስጀምር "ፈቃድህ" የምትለዋ ላይ ምላሴ ይያዛል። የሰፈር ሴቶች "እምነትሽ ቢጎድል ነው" አሉኝ፤ አንዷማ "ለመሆኑ ጾመ ነቢያትን በደንብ ጾመሽ ነበር?" አለችኝ። የያዘችኝ ሙስሊሟ ጎረቤቴ ናት። ሑዳዴ ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ለሆህ ጋግራ፣ "ቅቤ የለበትም ወላሂ" እያለች ትመጣለች፣ ካልበላሁም አትሄድም።

ጥላውን ልሽጠው ወይስ ልስጠው? ደግሞስ እንዲህ ተቀይሜ ክርስቲያን ነኝ ማለት እችላለሁ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬ

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሱን ይማርልሽ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን መጥረጊያው ላይ ስደርስ አቋረጥኩት።

አቦ፣ መጀመሪያ ያቺን "ጾመሽ ነበር?" ያለችሽን ሴት እንገላገላት። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከሠሩት ሁሉ ደህናው እሱ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ "የበደልከው ነገር ቢኖር ነው" ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ ስለ እግዚአብሔር በቅን አልተናገራችሁም የተባሉት እነሱ ናቸው፣ ሲሟገት የከረመው ኢዮብ አይደለም። መቀየምሽን በተመለከተ እንግዲህ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የሌለ ሰው ላይ ማን ያኮርፋል?

አሁን ቁልቢ የወጣሽበትን ቀን አስቢው። ታኅሣሥ 19 የሚከበረው ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ነው። ሥዕሉን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ ሦስቱ ልጆች፣ ነበልባሉ፣ ክንፉን የዘረጋው መልአክ። ሥዕሉ ላይ የማይታየው ልጆቹ እሳቱ ውስጥ ከመወርወራቸው በፊት ለንጉሡ የመለሱት መልስ ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉት፤ ቀጠሉና ደግሞ "ባያድነንም" ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት። ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ ታገኚዋለሽ። ይቺ "ባያድነንም" ብዙ አትነሳም፣ ምክንያቱም ቆሞ የሚመሰክረው ስለቱ የሰመረለት ነው፤ ያልሰመረለት ደንገጎን በዝምታ ይወርዳል። አንዷ እኔ ነበርኩ። ለእናቴ ተስዬ እናቴን ቀበርኩ። ሦስት ዓመት ቁልቢ አልሄድኩም፣ ሲጠሩኝ "ጉልበቴን አሞኛል" እል ነበር። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ያን ጊዜ የምለው አንድ መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር፣ "እስከ መቼ ትረሳኛለህ" የሚለው። ከዳዊት ሁሉ መርጬ ሳይሆን ሌላው አልወጣ ብሎኝ ነው። አንቺም "ፈቃድህ" ላይ ምላስሽ ከተያዘ እዚያው ቁሚ፣ በግድ አትጨርሺው። እንቅልፍ ከጠፋሽ ግን ጤና ጣቢያም ጎራ በይ።

ወደ ጥላው ልምጣ። ስለት "ብታደርግልኝ" ተብሎ የሚገባ ነው፤ ካልሰመረ ዕዳ ያለብሽ አይመስለኝም፣ የንስሐ አባትሽን ግን ጠይቂያቸው፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። የልጆቹ ወጪ ካጣደፈሽ ሽጪው፣ ገብርኤል አይከስሽም። ካላጣደፈሽ ዛሬውኑ ከአልጋ ሥር አውጪና መጥረጊያ የማይደርስበት ቁም ሳጥን ላይ ስቀዪው። ሐምሌ 19 ሲደርስ "በነፍሱ ስም ልስጠው" ካልሽ ትሰጪዋለሽ። ዘንድሮ ካልሆነልሽም ይቀመጥ፣ ኪራይ አይጠይቅሽ።

የጎረቤትሽ ሰሃኖች ግን ሳይከማቹብሽ አይቀሩም። ባዶውን እንዳትመልሺ። ሻይ የምትሸጪ ሴት ነሽ፣ አንድ ሁለት ቦንቦሊኖ ጣል አድርጊበት።