መንፈሳዊ ጉዞን በዘመናዊ ዳንስ ስለ ማሳየት

ውድ ጠያቂ፣ ለ5 ዳንሰኞች የ10 ደቂቃ ሥራ እያዘጋጁ መሆንዎን፣ ንድፉም በጨለማ ተጀምሮ በብርሃን እንደሚያበቃ ገልጸው፣ መንፈሳዊ ጉዞን ስብከት ሳያስመስሉ እንዴት ማሳየት እንደሚቻል ጠይቀዋል። እኔም ከዓመታት በፊት ተመሳሳይ ነገር ስሞክር ዳንሰኞቹን ከመድረኩ አንድ ጥግ ወደ ሌላው አስጓዝኋቸው፤ እጃቸውን ወደ ላይ አስዘረጋሁ፤ ማብቂያው ላይም መብራቱን አደመቅሁ። ልምምዱን የተመለከተች ባልደረባዬ ግን «መድረሳቸውን አየሁ፤ ምን እንደ ተለወጠባቸው አላየሁም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ከዚያ በኋላ የያዝሁት መንገድ አንዲት አጭር የእንቅስቃሴ ሐረግ መርጦ መላውን ሥራ በእርሷ ላይ መገንባት ነው። ለምሳሌ ተንበርክኮ፣ መዳፍን ወለሉ ላይ አሳርፎ፣ ቀስ ብሎ መነሣት ይበቃል። ይህችው ሐረግ መጀመሪያ ክብደቱን ሁሉ ለወለሉ በለቀቀ አካል ትሠራ፤ መሃል ላይ ሳትጠናቀቅ ደጋግማ ትቋረጥ፤ በኋላ ደግሞ አንዱ በሌላው ጀርባ ተደግፎ ይፈጽማት። ተመልካቹ እንቅስቃሴውን ስለሚያውቀው፣ ለውጡን የሚያየው በሰውየው ላይ ይሆናል።

ጉዞ የግድ መንቀሳቀሻ ስፍራ አይፈልግም። አካል ሲኮማተርና ሲላቀቅ በሚፈጠረው ኃይል ላይ ቴክኒኳን የመሠረተችው አሜሪካዊቷ የዘመናዊ ዳንስ ባለሙያ ማርታ ግራሃም፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ባቀረበችው «ላመንቴሽን» በተሰኘ ዳንስ ውስጥ በሚለጠጥ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ብዙም ሳትርቅ ሐዘንን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1960 የታየው የአሜሪካዊው የዳንስ ባለሙያ የአልቪን ኤይሊ ሥራ «ሬቨሌሽንስ» ደግሞ ከመከራ ወደ ጥምቀት፣ ከጥምቀት ወደ ምእመናን ደስታ በ3 ክፍሎች ይሻገራል፤ ሲከፈት ዳንሰኞቹ ተጠጋግተው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ወደ መሬት ከብደው ይታያሉ። የመጨረሻው ደስታ የሚታመነው ያ ክብደት አስቀድሞ ስለ ታየ ይመስለኛል።

በልምምድ ጊዜ ዳንሰኞችዎን ስለ እምነታቸው ባይጠይቁ እመርጣለሁ፤ ብዙዎቹ ወዲያው ፊታቸውን ማሳዘን ይጀምራሉ። ይልቁንም ለአካላቸው ሥራ ይስጧቸው። እኔ ጥንድ ጥንድ አድርጌያቸው፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላው ጀርባው ላይ ባሳረፈው እጅ ብቻ እየተመራ እንዲሄድ አደርግ ነበር። አንድ ቀን መሪዋ እጇን ሳታሳውቅ ስታነሣ፣ ተመሪው ለጥቂት እርምጃዎች እጇ አሁንም እንዳለ ያህል ጀርባውን ወደ ኋላ አዘንብሎ ቀጠለ። ያቺን ቅጽበት ምንም ሳልጨምርባት ወደ ሥራው አስገባኋት፤ ከሁሉ ይበልጥ ስለ እምነት የተናገረችውም እርሷ ነበረች።

ሙዚቃውን ዘግይተው ያስገቡ፤ ስሜቱን አስቀድሞ ከነገረ ዳንሱ አጃቢ ይሆናል። የብርሃኑን ማብቂያ ደግሞ ከመወሰንዎ በፊት ሥራውን በሙሉ በተራ የልምምድ ክፍል መብራት ያስሠሩት፤ ለውጡ እዚያ ካልታየ፣ የሚሻሻለው የመብራቱ ንድፍ ሳይሆን ያቺ የመጀመሪያ ሐረግ ናት።