ስላይድ ከመላካችሁ በፊት፦ ለወጣት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ለጀመራችሁ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ከጠመኔ እስከ ፕሮጀክተር፣ ከፕሮጀክተር እስከ ቴሌግራም ሁሉም በእጄ አልፏል። አሁን ደግሞ ሙድል በሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ሥርዓት ላይ ኮርስ ጫኑ፣ ቪዲዮ ቅረጹ ትባላላችሁ። ጥሩ ነው፤ ደስም ይለኛል። ግን ቀድሜ የምነግራችሁ አለኝ። ተማሪ የሚማረው ሲጠየቅ፣ አስቦ ሲመልስና ስህተቱ ሲነገረው ነው። የምትጭኑት ፋይል ይህን ካላመጣ ትርፉ ድካም ነው።

ፕላዝማን ከእናንተ ብዙዎቹ ታውቁታላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። የጎንደርም የጂንካም ልጅ እኩል ትምህርት ያግኝ ነው። ችግሩ የቴሌቪዥኑ መምህር ቆይ ቢሉት አይቆይም። በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ጥያቄ ያለው ልጅ የሚጠይቀው ክፍል ውስጥ ያለውን መምህር ነው፤ ለመምህሩ የተረፈችው ደግሞ መግቢያና መውጫ ላይ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት። እነዚያ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ አስተምሬያቸዋለሁ። ጎበዞች ነበሩ። እጅ አውጥቶ መጠየቅ ግን ጭንቅ ይሆንባቸው ነበር። ዛሬ ስልካቸው ላይ ሰማንያ ገጽ ስላይድ ብትልኩ ያንኑ ትደግማላችሁ።

ሃርቫርድ ውስጥ ኤሪክ ማዙር የሚባል የፊዚክስ መምህር አለ። ተማሪዎቹ ከባድ ስሌት ይሠራሉ፤ ቀላል የሐሳብ ጥያቄ ሲያነሳላቸው ግን ይሳሳታሉ። አንዷን በእኛ አገር መኪና ላቅርባት። ሲኖትራክና ባጃጅ ቢጋጩ በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል የሚያሳርፈው የቱ ነው? ብዙው ተማሪ ሲኖትራኩ ነው ይላል። ያው ተማሪ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ ይወጣዋል። ኃይሉ እኩል ነው። ባጃጁ ላይ ጉዳቱ የሚበረታው ክብደቱ አነስተኛ፣ አካሉም ስስ ስለሆነ ነው። ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ማብራሪያውን እያቋረጠ እንዲህ ያለ ጥያቄ መስጠት ያዘ። እያንዳንዱ ለብቻው ይመልሳል። ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ከዚያ እንደገና ይመልሳል።

መልስ ለመሰብሰብ በኋላ ላይ ክሊከር የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መጣ። ናትናኤል ላስሪ የተባለ ተመራማሪ መሣሪያውን ከተራ የወረቀት ካርድ ጋር አወዳደረው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ተማሪዎቹ ባወቁት ነገር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እኔ ይህን ውጤት በጣም እወደዋለሁ፤ መብራት በጠፋበት ክፍልም በደንብ ማስተማር እንደሚቻል ያሳያልና። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ካርዶች ይበቃሉ። ኔትወርክ ካለ ደግሞ የቴሌግራም ኩዊዝ አለ፤ ስም ስለማያወጣ ዓይን አፋሩ ልጅም ይመልሳል።

ሲከራከሩ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ይሁን ተዉአቸው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ልጅ ቃሉን ይይዝና ሐሳቡ ያመልጠዋል። ለጓደኛው በአፍ መፍቻው ሲያስረዳ ነው የገባውና ያልገባው የሚለየው።

ተማሪዎቻችሁ ለሚድ ሲቸክሉ አይታችኋል። ሃንድአውቱን ደጋግመው ያነባሉ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ፈትነውታል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ። ሌላው ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጧቸው። ስለዚህ ሙድል ላይ መጀመሪያ የምትሠሩት ነገር አጫጭር ኩዊዝ ይሁን። ማርክ ባይኖረውም ግድ የለም። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ለምን ስህተት እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ትልቁ ሥራችሁ እሱ ነው። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ነው የሚሰጠው። ልጆቹ ስክሪን ላይ መፈተንን ከመጀመሪያው ዓመት ቢለምዱት ይጠቅማቸዋል።

ማን እንደሚቀርም አስቡ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ተማሪዎቻችን ወደየቤታቸው ተበተኑ። ከተማ ያለው የተላከለትን አወረደ። ገጠር የገባው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጣ። ዛሬም ላፕቶፕ የሌለው፣ በጓደኛው ስልክ የሚያነብ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ አለ። ፋይሉን አሳንሱ። ላይብረሪ ኮምፒዩተር ላይም በፍላሽ አስቀምጡ። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመክፈት ያስችላል፤ ዋይፋይ ባለበት ቦታ እንዲያወርዱ አሳዩአቸው። ቪዲዮ ከቀረጻችሁ አጭር ይሁን። ኤዴክስ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር የቪዲዮ ዕይታ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ውጤት፣ ረጅም ቪዲዮን ግማሽ ያህሉ ተመልካች 6 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እንደሚተወው ያሳያል። ለልጆቹ ዳታ ገንዘብ ነው።

ስለ ቻትጂፒቲ ትጠይቁኛላችሁ። አሳይመንት እንደሚሠራላቸው የታወቀ ነው። መከልከሉ ብዙም አያዋጣም። ማን ጻፈው እያሉ መፈለግም መምህሩን ፖሊስ ያደርገዋል። እኔ የሚሻል የምለው ይህ ነው። አሳይመንት በገባ ቁጥር ጥቂት ልጆች በዕጣ ይውጡ። ቢሯችሁ ይምጡና ከሥራቸው አንዱን መስመር ያስረዱ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዕጣው ማንም ላይ ሊወጣ ስለሚችል ሁሉም አንብቦት ይመጣል። ማስረዳት ያቃተውን ልጅ ወዲያው ዜሮ አትስጡት። የቱ ጋ እንደተሳሳተ አሳዩትና ለሚቀጥለው ሳምንት ቅጠሩት።