የታወቁ የጊታር ቅርጾችን ሠርቶ መሸጥ ያስከስሳልን?

ጠያቂያችን በእጃቸው የሚሠሯቸውን የኤሌክትሪክ ጊታሮች በፌንደር ኩባንያው ስትራቶካስተርና በጊብሰን ኩባንያው ፍላይንግ ቪ (አካሉ እንደ እንግሊዝኛው V በሆነው ጊታር) ቅርጽ እያዘጋጁ እዚህ አሜሪካ ለመሸጥ ማሰባቸውን ገልጸው፣ አንዱ ወዳጃቸው «ሁሉም የሚሠራው ቅርጽ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም» ሲላቸው ሌላው ግን «ፋብሪካው ይከስሃል» እንዳላቸውና የትኛውን እንደሚያምኑ ግራ እንደገባቸው ጽፈዋል። ስለ ስትራቶካስተሩ የመጀመሪያው ወዳጅዎ፣ ስለ ፍላይንግ ቪው ደግሞ ሁለተኛው ለእውነት ይቀርባሉ። ልዩነቱን ለመረዳት ቅርጹን መጀመሪያ ማን እንደሣለው ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሌሎች ሲገለብጡት ባለቤቱ ስንት ዓመት ዝም ብሎ እንደቆየ መጠየቅ ይሻላል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሜሪላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የጥገና ክፍል ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ጊታር ስጠግንና ስሠራ የቆየሁ፣ በዚሁ ጉዳይም አንድ ጊዜ ደብዳቤ የደረሰኝ ሰው ነኝ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደብዳቤው የመጣው ሦስት ጊታሮች ሠርቼ ፎቶግራፋቸውን በኢንተርኔት ለሽያጭ ካወጣሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። የላከው የአንድ ትልቅ አምራች ጠበቃ ሲሆን፣ እኔ እጅግ የተጨነቅሁበትን የአካሉን ቅርጽ አንድም ቦታ አላነሣውም፤ ቅሬታው በሙሉ ስለ ጊታሩ አናት፣ ማለትም በአንገቱ ጫፍ መቃኛ ቁልፎቹ ስለሚተከሉበት ክፍል ነበር። ሽያጩን እንዳቆም፣ እስከዚያ ድረስ የሸጥሁትን እንዳሳውቅና ዳግመኛ እንደማልሠራ በፊርማዬ እንዳረጋግጥ የአሥር ቀን ገደብ ተሰጠኝ። ጠበቃ አማክሬ የአናቱን መስመር ለወጥሁ፣ የተጠየቅሁትንም ፈረምሁ፤ ነገሩ እዚያው ቆመ። ለጠበቃ የከፈልሁት ግን ከሦስቱ ጊታሮች ከማገኘው ትርፍ በለጠ። የፍርድ ቤት ውሳኔዎቹን አንድ በአንድ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ቅርጽ በዋናነት በሁለት መንገድ ይጠበቃል። የመጀመሪያው የዲዛይን ፓተንት፣ ማለትም የአንድን ዕቃ መልክ ሌላው እንዳይሠራው የሚከለክል መብት ሲሆን፣ ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ 15 ዓመት ነው፣ ሲያበቃም አይታደስም። ጊብሰን ለፍላይንግ ቪና ለሌላው ጊታሩ ለኤክስፕሎረር በ1958 ያገኛቸው ፓተንቶች ዘመናቸው ካለቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው የንግድ ምልክት ነው። ይህ ባለቤቱ እስከሠራበትና እስከጠበቀው ድረስ አያልቅም፤ ነገር ግን ገዢው ቅርጹን ሲያይ «ይህ የእገሌ ፋብሪካ ሥራ ነው» ማለት መቻል አለበት። ገዢው «ይህ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው» ብቻ የሚል ከሆነ ምልክትነቱ ጠፍቷል። ለአገልግሎት ሲባል የመጣ ቅርጽም በንግድ ምልክት አይታጠርም። የስትራቶካስተር አካል ጠርዙ ተሸርሽሮ የለሰለሰው፣ ከእርሱ በፊት የወጣው የፌንደር ጊታር የቴሌካስተር ጠርዝ ጎናቸውን እየወጋ ያስቸገራቸው ሙዚቀኞች ስላማረሩ ነው፤ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ከሚወጡት ሁለት ቀንዶች ሥር ያለው ሰርጎ የገባ ቦታም እጅ ወደ አንገቱ መጨረሻ እንዲደርስ ተብሎ የተሠራ ነው።

ስለ ስትራቶካስተር ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የፌንደር የራሱ ማመልከቻ ነው። ፌንደር ቴሌካስተርን፣ ፕሪሲዥን ቤዝንና ስትራቶካስተርን ለገበያ ያቀረበው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የሦስቱን አካል ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው ግን በ2003 ነው፤ በመካከሉ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ቅርጾቹን ያልሠራ አምራች ማግኘት ያስቸግራል። 17 ጊታር ሠሪዎች ማመልከቻውን ተቃወሙ፤ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ክርክርና ይግባኝ ቦርድም በማርች 2009 ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ቦርዱ እንዳለው ቅርጾቹ በሙያው ውስጥ እጅግ የተለመዱ በመሆናቸው የአንድን አምራች ማንነት ሊያመለክቱ አይችሉም፤ እንዲያውም የስትራቶካስተሩ ቅርጽ በአንድ መዝገበ ቃላት ውስጥ «የኤሌክትሪክ ጊታር» ለሚለው ቃል ሥዕል ሆኖ መግባቱን ጠቅሷል። እኔ ለደንበኞቼ የስትራቶካስተር አካል ያለ ስጋት የምቆርጠው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው።

የጊብሰን ጉዳይ የተለየ ነው፤ ሌስ ፖል የተባለውን ጊታሩን ቅርጽ በ1993 አስመዝግቧል። በ2000 ፖል ሪድ ስሚዝ የተባለው ጊታር አምራች ሲንግልከት የሚባለውን ጊታር ሲያወጣ ጊብሰን ከሰሰው፤ የቴነሲው ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2004 ለጊብሰን ፈርዶ ምርቱ እንዲታገድ አዘዘ። በይግባኝ ክርክሩ ጊብሰን በመደብር ቆሞ የሚገዛ ሰው ሁለቱን ጊታሮች እንደማያምታታ አምኖ፣ ክርክሩን ጭስ በሞላበት መሸታ ቤት ከሩቅ ሆኖ መድረኩን የሚያይ ሰው ሊሳሳት ይችላል በሚለው ላይ አቆመ። ስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ክርክር አልተቀበለም፤ በሴፕቴምበር 2005 የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ገለበጠ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2006 ጉዳዩን አላይም አለ። ፖል ሪድ ስሚዝ አሸነፈ፤ ሆኖም ከአንድ ዓመት በላይ ያንን ጊታር መሥራት ተከልክሎ ቆይቷል። ትልቅ ፋብሪካ ይህን ይቋቋማል፣ ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ግን አይቋቋምም፤ እኔን ያሳሰበኝም ይህ ነው።

ስለ አናቱ ጉዳይ በሰፊው የሚታወቀው ክስ በ1977 ፊላደልፊያ ውስጥ የቀረበው ነው። የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን የጃፓኑን የአይባኔዝ ጊታሮች አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለውን ኤልገርን የከሰሰው ስለ አናቱ መስመር ነበር፤ አይባኔዝ ቀድሞውንም አናቱን ለውጦ ስለነበር ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ዛሬ ነጋዴዎች የ1970ዎቹን የጃፓን ቅጂዎች ሁሉ «የክስ ዘመን ጊታር» እያሉ ዋጋ ሲያስጨምሩ ሳይ አዝናለሁ፤ ገዢው ስለ አካሉ ቅርጽ ፍርድ የተሰጠ እየመሰለው ያለ አግባብ ይከፍላል።

ባለቤት ዝም ሲል ምን እንደሚደርስበት በሌሎች አገሮችም ታይቷል። በ2000 የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጊብሰን በጃፓኑ ጊታር አምራች በፈርናንዴስ ላይ ባቀረበው ክስ የሌስ ፖል ቅርጽ ጃፓን ውስጥ ለዓመታት በብዙ አምራቾች ሲገለበጥ በመቆየቱ አምራቹን የመጠቆም ኃይሉን ማጣቱን ወሰነ። ሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2019 ለፍላይንግ ቪ ቅርጽ የተሰጠው ምዝገባ መሰረዙን አጸና፤ ማመልከቻው በቀረበበት በ2010 ቅርጹ በገበያው ላይ ከሚገኙት ብዙ ቅርጾች አንዱ ሆኖ ነበርና።

አሜሪካ ውስጥ ግን ፍላይንግ ቪ ዛሬም አደገኛ ቅርጽ ነው። ጊብሰን በ2019 ዲን ጊታሮችን የሚሠራውን አርማዲሎን ቴክሳስ ውስጥ ከሰሰ፤ ዲን የቪና የኤክስፕሎረር ዓይነት ጊታሮችን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ስም ነው። በሜይ 2022 ጁሪው በፍላይንግ ቪ፣ በኤክስፕሎረርና በኤስ ጂ ቅርጾች ለጊብሰን ፈረደ፤ የተወሰነው የገንዘብ ካሳ 4,000 ዶላር ብቻ ነበር። አምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2024 ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ፤ ምክንያቱም የሥር ፍርድ ቤቱ ሌሎች አምራቾች ቅርጾቹን ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩ መኖራቸውን የሚያሳየውን ማስረጃ ጁሪው እንዳያይ ከልክሎ ነበር። ለእኔ ከካሳው መጠን ይልቅ ይህ ትእዛዝ ይበልጣል፤ አንድ ቅርጽ የማን እንደሆነ የሚወሰነው ገበያው በኖረበት ታሪክ ከሆነ ያንን ታሪክ ከጁሪው ዓይን መሰወር ፍርዱን መሠረት ያሳጣዋል። ያም ሆኖ ለብቻው የሚሠራ ሰው ያንን ታሪክ ለማስረዳት ዓመታት የሚፈጅ ሙግት ውስጥ እንዲገባ አልመክርም።

ስለዚህ የስትራቶካስተሩን አካል ይሥሩ፤ አናቱን ግን ከፌንደር ፈጽሞ ይለዩት፤ የፌንደር አናት መስመርም ሆነ «ስትራቶካስተር»ና «ስትራት» የሚሉት ስሞች የተመዘገቡ ናቸው። በፌንደር ፈቃድ የሚሸጡ አንገቶች ገበያ ላይ አሉ፤ ሆኖም ፈቃዱ ለመለዋወጫነት የተሰጠ ነው፤ በራስዎ ስም አዲስ ጊታር አድርገው ለመሸጥ መብት የሚሰጥዎት አይምሰልዎ። በሽያጭ ማስታወቂያው ርእስ ላይ የሌላውን ስም አይጻፉ፤ የደብዳቤ ላኪዎች ፍለጋ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቪውን ከወደዱት ክንፎቹ እኩል ያልሆኑ፣ ጫፋቸውም የተለየ የራስዎን መስመር ይሣሉ፣ ሥዕሉንም ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡ። ደብዳቤ ከመጣብዎ በዚያው ሌሊት በስሜት አይመልሱ፤ ቀነ ገደቡን ብቻ መዝግበው በንግድ ምልክት ላይ የሚሠራ ጠበቃ ያማክሩ። የአናቱን ንድፍ ፎቶግራፍ እዚህ ቢለጥፉት ከሌሎቹ ጋር አስተያይቼ ያየሁትን እነግርዎታለሁ።