ዘይት የሚያንጠባጥብ የኋላ አክስል

ጥያቄ፦ አሮጌ የጭነት መኪና እያደስኩ ነው። የኋላው አክስል በዝገትና በደረቀ ዘይት ተሸፍኗል። በጎማው በኩልም ዘይት ያንጠባጥባል። ፓራዎሊውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት) ቀየርኩ፣ አልቆመም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመተንፈሻዋ ይጀምሩ። አክስሉ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ የጣት ጫፍ የምታክል ክዳን አለች። ዲፈረንሻሉ (አክስሉ ላይ ያለው የማርሽ ቤት) ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል። መውጫ ካጣ ዘይቱን በፓራዎሊው በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። እኔም አንድ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ ፓራዎሊ ከቀየርኩ በኋላ ነው ያቺን ክዳን የፈታኋት። በሽቦ ስጎረጉራት እንደ ሸክላ የደረቀ ጭቃ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጠብ ያለ ዘይት የለም።

ሲያጥቡ ግን ይድፈኗት፤ ውሃ ከገባ ኩሽኔታው ይዝጋል። ደረቁን ቅባት በእንጨት ይፋቁት፣ ናፍጣ ቀብተው ያቆዩት፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ። ፓራዎሊው የሚያርፍበትን ቦታ ብሩሽ አያስነኩት።

ዘይቱን ሲያፈሱ የማፍሰሻውን ቡሎን ይዩት። ግራጫ፣ ልስልስ ዝቃጭ ቢኖርበት የተለመደ ነው። ጥፍር የሚያክል ብረት ካገኙ ግን የማርሽ ጥርስ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ዲፈረንሻሉን ያስከፍቱ።

አደራ፣ የፍሬኑን አቧራ በአየር አይንፉት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።