ሮቦታችን ሁለተኛ ወጥቶ ሽልማቱ ለምን አለፈን?

ጥያቄ፦ “ከባሕር ዳር ወደ ቨርጂኒያ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሮቦት ቡድን ውስጥ የሽቦውን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። ቀደም ባለው ውድድር ሮቦቱ በተጋጨ ቁጥር ሽቦ እየተነቀለ መሀል ሜዳ ላይ ይቆም ነበር፤ መፍትሔ ያገኘሁለትም እኔ ነኝ። በቅርቡ ፈርስት የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጀው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር፣ በፈርስት ቴክ ቻሌንጅ፣ በነጥብ ሁለተኛ ወጣን። ትልቁን ሽልማት፣ ኢንስፓየር አዋርድን፣ የወሰደው ግን በነጥብ ከእኛ በታች የነበረ ቡድን ነው። ይሄ ፍትሕ ነው? ለኮሌጅ ማመልከቻዬስ ምን ልጻፍ? ዳኞቹ ጋ ስንገባ እንግሊዝኛዬ ስለማያስተማምን ምንም አልተናገርኩም።”

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽው ስለ ፍትሕ ነው። መልሱ ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የፍትሑን ነገር እንጨርሰው። ሜዳ ላይ አንድ ጨዋታ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ሮቦቱ አስቀድሞ በተጻፈለት የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ በኮዱ፣ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በቀሩት ሁለት ደቂቃዎች እናንተ ትነዱታላችሁ። ነጥብ የሚቆጠረው እዚያ ነው። ኢንስፓየር አዋርድ ግን በሌላ ሚዛን ይመዘናል። ዳኞች ቡድኑን ያነጋግራሉ፣ ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም ቡድኑ ሥራውን የሚያስረዳበትን ጽሑፍ፣ ያነባሉ፣ ቀኑን ሙሉ በየቡድኑ ጠረጴዛ እየዞሩ ይጠይቃሉ። ቡድኑ ለሌሎቹም ሽልማቶች፣ ማለትም ለዲዛይኑ፣ ለኮዱ፣ ለአስተሳሰቡ፣ ለማኅበረሰብ ሥራው፣ ጠንካራ ተፎካካሪ መሆን አለበት። ፈርስትን በ1989 የመሠረተው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን ነው። የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር የነበረው ዉዲ ፍላወርስ ደግሞ አጥብቀህ ተወዳደር፣ ተፎካካሪህንም አክብር የሚለውን ባህል አስለምዷል። ለዚህ ነው መሣሪያ የጎደለው ተፎካካሪ ሲመጣ ቡድኖች የሚያበድሩት። ከዚህ አንጻር ካየሽው ማንም አልበደላችሁም።

እኔ በእንደዚህ ዓይነት ውድድሮች ላይ በበጎ ፈቃድ ዳኝቻለሁ። አንድ ልጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ዘጠነኛ ክፍል ነው። “ይሄ ክንድ ለምን በገመድ ይሳባል?” አልኩት። ደብተር አወጣና ገለጠ። ገጹ ላይ ሁለት ጥርሱ የተሰበረ የፕላስቲክ ጥርስ-ጎማ በፕላስተር ተለጥፏል። “ሞተሩ ክንዱ ጫፍ ላይ ነበር፣ ከበደው፣ ይሄ ተሰበረ” አለኝ። “ጥርሱ ደካማ መስሎን የብረት ገዛን። የባሰ ሞተሩ መጋል ጀመረ። ያኔ ነው ክብደቱ እንደሆነ የገባን። ሞተሩን ወደ ታች አወረድነው።” ልጁ ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጣል። ነጂዋ ከጎኑ ነበረች፤ ቀበል አድርጋ “አሁን ስታጠፍ ስለማይገለበጥ በፍጥነት እነዳለሁ” አለች። የክንዱን ታሪክ እሷም ታውቀዋለች ማለት ነው። እኔና አብራኝ የነበረችው ዳኛ ተያየን። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገንም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ብዙ ቡድኖች ፖርትፎሊዮአቸውን ባማረ ፎቶ ብቻ ይሞሉታል። ከሽፋኑ ሌላ የተፈቀደው 15 ገጽ ነው፤ ቦታው ውድ ስለሆነ የከሸፈውን ያወጡታል። ዳኛ ግን የሚፈልገው የከሸፈውን ነው። ምን ተበላሸ፣ ምን ሞከራችሁ፣ እንዴት አወቃችሁ? ያቺ የምትነቀለው ሽቦ ፖርትፎሊዮአችሁ ላይ ነበረች? እንዳልነበረች እገምታለሁ።

በተቃራኒው እንዲህ ያለ ቡድንም አይቻለሁ። ሮቦቱ ያብረቀርቃል። ሁሉንም ጥያቄ የሚመልሰው አንድ ልጅ ነው። ሌላዋን “ይሄ ጎማ ለምን ተመረጠ?” ስላት ዓይኗ ወደ እሱ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ከኋላ ወደ ቆመው አሰልጣኝ። አሰልጣኝ ገብቶ ማየት ይችላል፣ መናገር ግን አይፈቀድለትም። ያቺን ዓይን ዳኛ ያያታል። ሥራው የማን እንደሆነ ትነግረዋለች።

አሁን ወዳንቺ። እኛ ያደግነው “ዝም አይነቅዝም” እየተባልን ነው። ትልቅ ሰው ፊት ቀድሞ መናገር ድፍረት ነው። ይሄን አስተዳደግ አከብረዋለሁ፤ እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ። የዳኞች ክፍል ውስጥ ግን ዝም ስትዪ ሥራሽ አብሮሽ ዝም ይላል። ቡድናችሁ ለመናገር የነበረው አምስት ደቂቃ እና ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሮቦቱን ከመቆም ያዳነው ሥራ አልተነሳም። ዳኞቹ ያልሰሙትን ሊሸልሙ አይችሉም። እንግሊዝኛሽን ደግሞ ማንም አይመዝንም። ለምሳሌ “ሽቦው ይነቀል ነበር። አላላሁት። መጋጠሚያው አጠገብ አሰርኩት። አሁን ጉተታው ማሰሪያው ላይ ያርፋል” ማለት ይበቃል። አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ሽቦውን በጣትሽ እያሳየሽ ተናገሪው።

የማኅበረሰብ ሥራውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ያናድደኛል። በገበያ ማዕከል አንድ ቀን ጠረጴዛ ዘርግቶ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ “አስተማርን” ብሎ መቁጠር ዳኛን አያታልልም። ሰፈርሽ አካባቢ ልጆች ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩበት ቦታ ካለ ሮቦቱን ይዛችሁ ሂዱ። በሁለተኛው ሳምንትም ተመለሱ። አሥር ልጆችን ሦስት ጊዜ ማስተማር ከአንድ ሺህ በራሪ ወረቀት ይበልጥብኛል። በአማርኛ ማስረዳት የምትችይው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ስለ ማመልከቻሽ፦ “ቡድናችን ሁለተኛ ወጣ” የሚለውን በአንድ መስመር ጻፊና እለፊ። ድርሰቱን ለሽቦዋ ስጪያት። ስንት ጊዜ ተነቀለች፣ መጀመሪያ ጥፋቱ የሌላ ነገር መስሏችሁ ከነበረ ስንት ሰዓት ባከነ፣ እንዴት ደረስሽበት? ቁጥሩን ከደብተርሽ አውጪ፤ ከሌለሽ ከቡድኑ ጋር ተቀምጣችሁ አስታውሱ። ነገ ለሥራ ስትቀርቢም “የገጠመሽን ችግር ንገሪን” ይሉሻል። መልስሽ ከወዲሁ እጅሽ ላይ ነው። ፈርስት በየዓመቱ ለአባላቱ የሚሰጡ የኮሌጅ ስኮላርሺፖችን ዝርዝርም ያወጣል፤ አሁኑኑ አሰልጣኝሽን ጠይቂና የማመልከቻ ቀኖቹን ያዢ።

በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ይሄን አድርጊ። ከቡድኑ ትንሹን ልጅ ጥሪና የሽቦውን ሥራ በሁለት ደቂቃ አስረጂው። ከዚያ እሱ ለአንቺ መልሶ ያስረዳሽ። የተሳሳተበትን ብቻ አርሚ። አንቺም በተራሽ ኮዱን የሚጽፈውን ልጅ “በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ሮቦቱ የት እንዳለ በምን ያውቃል?” ብለሽ ጠይቂው። እስኪገባሽ አትልቀቂው። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።